ቋንቋው በነፃ፣ አስተርጓሚው በዶላር

ሜይ 28 ቀን 2025 ሲኖፕሲስና ካደንስ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋቸው በአንድ ቀን 10 በመቶ ገደማ ወረደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ የዋሽንግተን መንግሥት ምርታቸውን ለቻይና እንዳይሸጡ ሊያግዳቸው ነው የሚል ወሬ መውጣቱ ነበር። ወሬውም እውነት ሆነ፤ በማግስቱ ሲኖፕሲስ ለባለአክሲዮኖቹ ነግሮት የነበረውን የዓመቱን የገቢ ግምት አነሳ። ሲኖፕሲስ ከዓመት ገቢው 16 በመቶ ያህሉን፣ ካደንስ ደግሞ 12 በመቶ ያህሉን ከቻይና ያገኙ ስለነበር ገበያው መደንገጡ አይገርምም።

የሚገርመው የታገደው ዕቃ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ቺፕ አምርተው አይሸጡም፤ የቺፕ ፋብሪካ ማሽንም አያቀርቡም። ዋናው ንግዳቸው በአንድ ልዩ ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ቺፕ ንድፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ቋንቋው ግን የማንም ንብረት አይደለም። ደንቡ ታትሞ የወጣ በመሆኑ ቤጂንግ ያለ ኩባንያም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊጽፍበት ይችላል። ታዲያ ቋንቋው ነፃ ሆኖ ሳለ አስተርጓሚው ይህን ያህል ሊወደድ የቻለው እንዴት ነው? ነገሩ የተጀመረው ከ40 ዓመት በፊት ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ቋንቋው ምንነት ጥቂት እንበል።

ተላላኪውና ገበያው

ቺፕ ማለት ትራንዚስተር የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ስብስብ ነው። ኢንቴል በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው ቺፕ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። ይህን ያህሉን ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሊስለው ይችላል፤ የተሳለውም በእጅ ነበር። በ1985 የወጣው 386 ግን 275,000 ደረሰ። በ1993 ፔንቲየም 3.1 ሚሊዮን ይዞ መጣ። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም1 ደግሞ 16 ቢሊዮን አለው። እንዲህ ያለውን ነገር በእርሳስና በማስመሪያ ልሥራ የሚል መሐንዲስ ዕድሜው አይበቃውም።

ስለዚህ መሐንዲሶች መሳሉን ትተው መጻፍ ጀመሩ። የትኛው ትራንዚስተር ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ በመዘርዘር ፈንታ፣ «በየሰዓት ምቱ ቆጣሪው አንድ ይጨምር፤ 59 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለስ» የሚል ዓይነት መግለጫ ይጽፋሉ። ሽቦውንና በሩን የሚደረድረው ሶፍትዌር ነው። የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ የሚባለው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ከተራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር ያምታታዋል። ፕሮግራም ለተላላኪ እንደሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ መጀመሪያ ባንክ ሂድ፣ ከዚያ ጉምሩክ፣ ከዚያ መጋዘን ይላል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። የሃርድዌር ቋንቋ የሚገልጸው ግን ተላላኪውን ሳይሆን ገበያውን ነው። መርካቶ ውስጥ ባለሱቁም፣ ባለሚዛኑም፣ ተሸካሚውም፣ ሒሳብ ተቀባዩም በአንድ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሌላው እስኪጨርስ ቆሞ አይጠብቅም። የሚጻፈውም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝና ማን ምን ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ነው። ልዩነቱ የቺፑ ገበያ በአንድ ደወል መንቀሳቀሱ ነው፤ ደወሉም በዘመኑ ቺፖች በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይመታል።

ጽሑፉ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ቺፑ ገና ሳይሠራ በኮምፒዩተር ላይ እንደተሠራ አድርጎ መሞከር ነው፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። ሁለተኛው ሲንተሲስ ነው፤ ጽሑፉ ወደ እውነተኛ የኤሌክትሮኒክስ በሮችና ሽቦዎች የሚተረጎምበት ሥራ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ለምን ገንዘብ እንደሚወጣበት ለመረዳት የፔንቲየምን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር ኮምፒዩተራቸው አንዳንድ የማካፈል ስሌቶችን እንደሚሳሳት ደረሱበት። ቺፑ ለማካፈል የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ 1,066 ቦታዎች የነበሩት ሲሆን ኢንቴል በሰጠው ማብራሪያ መሠረት ወደ ቺፑ ሲገለበጥ 5ቱ ሳይሞሉ ቀርተዋል። ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ማረሚያ በዲስኬት ይላክ ነበር። ሲሊከን ላይ የታተመ ነገር ግን አይፋቅም። ኢንቴል ለመተኪያና ለተያያዥ ወጪዎች 475 ሚሊዮን ዶላር በሒሳብ መዝገቡ ላይ ኪሳራ አድርጎ መዘገበ፤ ለአምስት ባዶ ቦታዎች ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ቺፕ ሠሪዎች ለፍተሻ የሚያወጡት ገንዘብና ጊዜ ለዲዛይኑ ከሚያወጡት ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ወደው አይደለም።

አንዱ ከወታደር ቤት፣ ሌላው ከንግድ ቤት

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ሁለት ናቸው፤ ቪኤችዲኤልና ቬሪሎግ። አመጣጣቸው ለየቅል ነው።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ የግዢ ችግር ነበረበት። ለአውሮፕላንና ለሚሳይል የሚገዛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን በጥቂት ዓመታት ከገበያ ይጠፋል። አቅራቢው ሲዘጋ ወይም ምርቱን ሲያቆም በሌላ ለማሠራት፣ ቺፑ ምን ይሠራ እንደነበር በትክክል የሚናገር ሰነድ አይገኝም። (የመለዋወጫ ነጋዴዎች ይህን ችግር ሳይነገራቸው ያውቁታል።) በመሆኑም ሚኒስቴሩ በ1983 ለኢንተርሜትሪክስ፣ ለአይቢኤምና ለቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውል ሰጥቶ አንድ መግለጫ ቋንቋ አሠራ። ቪኤችዲኤል የተባለው ይህ ቋንቋ በ1987 አይትሪፕልኢ በተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ወጣለት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለመከላከያ ልዩ ቺፕ የሚያቀርብ ሁሉ መግለጫውን በዚህ ቋንቋ ጽፎ እንዲያስረክብ ግዴታ ሆነ። ቋንቋው ጥብቅ ነው፤ ቃላት ይበዙበታል፤ እያንዳንዱን ነገር አስቀድሞ ማስታወቅ ይፈልጋል። የጨረታ ሰነድ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ባሕርዩ አይጠፋውም።

ቬሪሎግ ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ኩባንያ ተወለደ። ፊል ሙርቢና ፕራብሁ ጎኤል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 እና 1984 መካከል ሠሩት፤ ኩባንያው በኋላ ጌትዌይ ዲዛይን ኦቶሜሽን ተብሏል። አጭርና ፈጣን ነበር፤ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ሁሉ ቶሎ ይገባው ነበር። ጌትዌይ የሚሸጠው ሲሙሌተሩን ነው፤ ቋንቋውን የሚያነበው ግን የጌትዌይ ሲሙሌተር በመሆኑ ቋንቋውም ሸቀጡም አንድ ነበሩ። ካደንስ ጌትዌይን ለመግዛት በ1989 ሲስማማ በእጁ ያስገባው ሁለቱንም ነው።

ካደንስ ላይ የተደቀነው ጥያቄ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነው። ብቻህን የያዝከውን ዕቃ አጥብቀህ ትይዛለህ ወይስ ትለቃለህ? አጥብቆ ቢይዝ መሐንዲሶቹ ቬሪሎግን ስለሚወዱ ገቢው ለጊዜው አይጎድልም። ግን በሌላ በኩል ቪኤችዲኤል የማንም ያልሆነ፣ መንግሥት የሚደግፈው ቋንቋ ሆኖ ቆሟል። የካደንስ ተወዳዳሪዎች በጠላታቸው ቋንቋ መሣሪያ ሠርተው የእሱን ገበያ አያሰፉለትም፤ ሁሉም ወደ ቪኤችዲኤል ይሰለፋሉ። ደንበኛውም ቢሆን የዓመታት ሥራውን በአንድ ሻጭ ንብረት በሆነ ቋንቋ ጽፎ ዋጋ በተጨመረ ቁጥር ከመክፈል በቀር ምርጫ የሌለው ሆኖ መቅረትን ይፈራል።

በ1990 ካደንስ ለቀቀው። ቋንቋውን ኦፕን ቬሪሎግ ኢንተርናሽናል ለተባለ ገለልተኛ ማኅበር አስረከበ፤ ማንም አንባቢ ሶፍትዌር ሊሠራለት እንዲችል ሆነ። በ1995 ቬሪሎግም እንደ ቪኤችዲኤል የአይትሪፕልኢ ደረጃ አገኘ።

በዚያው ዓመት በሲኖፕሲስ ደንበኞች ስብሰባ ላይ አንድ ውድድር ተካሂዷል። ወደ ላይ በ3፣ ወደ ታች በ5 የሚቆጥር ዑደት በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲሠሩ 9 የቬሪሎግና 5 የቪኤችዲኤል መሐንዲሶች ቀረቡ። ሰዓቱ ሲያልቅ ከቬሪሎጎቹ 5ቱ የሚሠራ ዲዛይን አስረከቡ፤ ከቪኤችዲኤሎቹ አንድም አልጨረሰም። የቪኤችዲኤል ወገን ውድድሩ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ብዙ ተከራክሯል፤ ክርክሩም መሠረት አለው፤ ጥብቅ ቋንቋ የሚክሰው በ90 ደቂቃ ሳይሆን በሁለት ዓመት ሥራ ነው። ያም ሆነ ይህ በአሜሪካና በእስያ የቺፕ ገበያ ያሸነፈው ቬሪሎግና ተከታዩ ሲስተምቬሪሎግ ነው። ቪኤችዲኤል ከገበያ አልወጣም፤ በአውሮፓ፣ በመከላከያና በሕዋ ሥራዎች ይሠራበታል።

ካደንስ ቋንቋውን በመልቀቁ አልከሰረም፤ ዋጋ ግን ከፍሏል። ገና ከመልቀቁ ክሮኖሎጂክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ቪሲኤስ የሚባል ከካደንስ የፈጠነ የቬሪሎግ ሲሙሌተር ይዞ ገበያ ገባ። ክሮኖሎጂክን ቪውሎጂክ ገዛው፤ ቪውሎጂክን በ1997 ሲኖፕሲስ ገዛው። የካደንስ ቋንቋ አንባቢ በዋናው ተቀናቃኙ እጅ ገባ ማለት ነው።

ገንዘቡ ያለው የት ነው?

ሲኖፕሲስን እዚህ ያደረሰው ግን ሲሙሌተር አይደለም። ኩባንያውን በ1986 ያቋቋሙት አርት ደ ጉስና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ አብረዋቸው የወጡ መሐንዲሶች ናቸው። ይዘውት የወጡት ሐሳብ ሲንተሲስ ነበር። እስከዚያ ድረስ በቋንቋው የሚጻፈው ለሙከራ ብቻ ነው፤ ሙከራው ሲያልፍ መሐንዲሱ እንደገና ቁጭ ብሎ በሮቹን አንድ በአንድ ይደረድራል። የሲኖፕሲስ ሶፍትዌር ጽሑፉን አንብቦ በሮቹን ራሱ መደርደር ሲጀምር፣ ሰነድ የነበረው ነገር በቀጥታ ወደ ማምረቻ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ትርጉሙ ቀላል ሥራ አይደለም። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ክፍሎችን እያንዳንዱ ምልክት ደወሉ ሳይመታ በሚደርስበት ርቀት ማስቀመጥ፣ ሙቀቱንና የሚበላውን ኃይል መቆጠብ፣ በዚያ ላይ የማምረቻውን ደንብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ደንቡን የሚያወጡት እንደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ያሉ አምራቾች ናቸው፤ በየትውልዱም ይቀየራል። አምራቹ አዲሱን ደንብ ገና በሚያዘጋጅበት ጊዜ አብረውት ተቀምጠው መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉት ጥቂት የሶፍትዌር ኩባንያዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ያለ ተወዳዳሪ ሲደርስ ደንቡ አርጅቷል። ደንበኛውም ቢሆን ርካሽ መሣሪያ ቢያገኝ አይደፍርም። በዘመኑ ደረጃ ለአንድ ቺፕ የማስክ ሥራ ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ስለሚወጣ፣ በሶፍትዌር ዋጋ ቆጥቦ በማስክ መክሰር ሞኝነት ነው።

ለዚህም ነው ገበያው በሦስት ኩባንያዎች እጅ የተጠቃለለው። ሦስተኛው ሜንቶር ግራፊክስ ነበር፤ የጀርመኑ ሲመንስ በ2017 በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሲኖፕሲስ ራሱ ደግሞ አንሲስ የተባለውን ኩባንያ በ35 ቢሊዮን ዶላር የመግዛት ስምምነቱን በጁላይ 2025 አጠናቋል።

ከአስተርጓሚዎቹ ሌላ ጽሑፉን ራሱን የሚሸጡም አሉ። በ1990 በእንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ አካባቢ የተቋቋመው አርም ለሠላሳ ዓመታት አንድም የራሱን ቺፕ ለገበያ ሳያመርት ኖሯል። ንግዱ የማቀነባበሪያ ክፍሎችን መግለጫ ጽፎ ማከራየት ነበር፤ ተከራዩ መጀመሪያ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በሚሸጠው በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ ሮያሊቲ ይጨምራል። የአርም ገቢ በማርች 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። መርካቶ በጅምላ የሚራገፈው ስማርት ስልክ፣ ብራንዱ ምንም ቢሆን፣ በውስጡ የአርም ዲዛይን አለበት ማለት ይቻላል። ነጋዴው በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ የዚያ ጽሑፍ ኪራይ ተደምሮበታል።

ማስክ ለማሠራት አቅም ለሌለው ደግሞ ኤፍፒጂኤ የሚባል መፍትሔ አለ። ይህ ባዶ ሆኖ የሚሸጥ ቺፕ ነው፤ ገዢው የጻፈውን መግለጫ ሲጭንበት የተባለውን ዑደት ይሆናል፤ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ መነሻ ወጪ የለበትም፣ የአንዱ ዋጋ ግን ውድ ነው። ጥቂት ለሚፈልግ ያዋጣል፤ ሚሊዮን ለሚፈልግ አያዋጣም። የቢትኮይን ማሽኖች በዚህ መንገድ አልፈዋል። በመጀመሪያ በተራ ኮምፒዩተር፣ ቀጥሎ በኤፍፒጂኤ ይሠሩ ነበር፤ ከ1913 ሳይሆን ከ2013 ወዲህ ነው (ነገሩ የመቶ ዓመት ያህል ርቆ ስለሚታይ) ለዚሁ ሥራ ብቻ ወደተሠሩ ቺፖች የተዛወሩት። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ገብተው የተተከሉት ማሽኖች እነዚሁ ናቸው። በኒውዮርክና በቺካጎ ደግሞ ትእዛዝን ከማይክሮ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ለማድረስ የሚሽቀዳደሙ የአክሲዮን ደላሎች የቬሪሎግ መሐንዲስ ይቀጥራሉ። በጃንዋሪ 2025 ለተከፈተው ለእኛ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ይህ ገና ሩቅ ነው።

ኤፍፒጂኤ ሁሉንም አላበለጸገም። ኤኤምዲ ዛይሊንክስን በ2022 ሲጠቀልል የግዢው ዋጋ 49 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኢንቴል በ2015 አልቴራን በ16.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2025 ግን 51 በመቶውን የሸጠው ኩባንያው ጠቅላላ 8.75 ቢሊዮን ያወጣል በሚል ስሌት ነው።

ወደ ቻይናው እገዳ እንመለስ። ከአምስት ሳምንታት በኋላ፣ በጁላይ 2025 መጀመሪያ፣ ተነሳ፤ የሁለቱ አገሮች የንግድ ድርድር አካል ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ካደንስ ቀደም ሲል ለአንድ የቻይና ወታደራዊ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር እንዲደርስ በማድረጉ ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በእገዳው ሳምንታት ቻይናውያን መሐንዲሶች ቬሪሎግ ከመጻፍ አልተከለከሉም፤ ሊከለከሉም አይችሉም ነበር፤ የተዘጋባቸው አስተርጓሚው ነው። ኢምፒሪያን የተባለው የቻይና ኩባንያ የአገር ውስጥ ምትክ ለማቅረብ እየሠራ ቢሆንም አሜሪካ በ2024 መጨረሻ እሱንም በጥቁር መዝገቧ ላይ አስፍራዋለች።

አስተርጓሚውንም እንደ ቋንቋው ነፃ ለማድረግ የሚጥሩ አሉ። ዮሲስ የተባለው የሲንተሲስ ሶፍትዌርና ኦፕንሮድ የተባለው የአቀማመጥ መሣሪያ በነፃ ይገኛሉ። ጉግል በ2020 ከስካይወተር ጋር ሆኖ የአንድ ፋብሪካ የማምረቻ ደንብ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ደንቡ የ130 ናኖሜትር፣ ማለትም ከ20 ዓመት በፊት የነበረ ቴክኖሎጂ ነው፤ ለስልክ አይበቃም፤ ለመቆጣጠሪያና ለመለኪያ ዕቃዎች ግን ይበቃል። ኢፋብለስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የብዙ ሰዎችን ዲዛይን በአንድ ማስክ ላይ እያዳበለ ወጪውን ያካፍላቸው ነበር፤ ሥራው እንደ ጭነት መኪና መጋራት ነው። ኩባንያው በ2025 መጀመሪያ ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ። በእሱ በኩል ያሠራ የነበረው ታይኒ ቴፕአውት ጭነቱን ጀርመን ውስጥ ወዳለው አይኤችፒ የምርምር ተቋም አዙሯል።